የጉበት ስብና የጎጃም ዕፀዋት

በየካቲት ወር በአንድ የገበያ ቀን፣ በደብረ ማርቆስ ከቅመም ተራው ጫፍ ጆንያ አንጥፈው ከሚቀመጡ አንዲት አሮጊት ፊት ቆሜ ነበር። ከፊታቸው የጦስኝ እስር፣ በስኒ የሚሰፈር ጥቁር አዝሙድ፣ የደረቀ የኮሶ አበባ፣ የጤና አዳም ፍሬ፣ ከቆላ በነጋዴ የመጣ የሽፈራው ዱቄት፣ ከእነዚህም ሌላ ስማቸውን ለማንም የማይነግሩት ሁለት ዐይነት ደረቅ ሥር ተዘርግቷል። አንድ ጎልማሳ መጣና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፣ «እማማ፣ ሐኪም ቤት በመሣሪያ አይተው ጉበትህ ስብ ይዟል አሉኝ፤ ለዚህ የሚሆን ይኖርዎታል?» አላቸው። እርሳቸው ወረቀቱን ትተው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞሩና የዐይኑን ነጭ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ዐይንህ እኮ ቢጫ አልሆነም፤ እኔ የማውቀው የወፉን ነው፤ የስቡን ከአባቶቼ አልሰማሁትም» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉበት ስብና ስለ ዕፀዋት የተጻፈውን ባነበብሁ ቁጥር፣ የእኒህን እናት መልስ ያህል ነገሩን ከሥሩ የያዘ ቃል እምብዛም አላገኘሁም። የሀገራችን ዕፀ መድኃኒት ስለ ጉበት የሚናገረው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ሕማም ነው። ጥያቄው አዲስ፣ መልሱ ጥንታዊ ሆኖ ሁለቱ በአንድ ስም፣ «የጉበት መድኃኒት» በሚለው ስም፣ ስለ ተጠሩ ብቻ የተገናኙ መስሎናል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ለየብቻ አቁሞ ለማየት የሚሞክር ነው።

አስቀድሞ ሕማሙን እንመልከት። ጉበት የሰውነት ጓዳ ነው፤ ከአንጀት የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ የሚመትረው መትሮ፣ የሚያከማቸውን አከማችቶ፣ መርዝ የሆነውን አርክሶ ወደ ውጭ የሚልክ እርሱ ነው። ሰው በሥራ ከሚያወጣው ኀይል አብልጦ ሲበላ፣ ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ ሲያዘወትር፣ ሰውነቱም የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ሲሳነው፣ በሆድ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ከማደሪያው እየለቀቀ በደም ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም በበኩሉ የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጣል። ከጉበቱ ሕዋሳት ከመቶ ከአምስት በሚበልጡት ውስጥ ስብ ሲገኝ ሐኪሞች ሕመም ይሉታል። በብዙ ሰው ዘንድ ነገሩ በዚህ ይቆማል፤ በአንዳንዱ ግን ስቡ ብግነትን፣ ብግነቱ ጠባሳን፣ ጠባሳውም በዓመታት ብዛት ሲሮሲስ የተባለውን የጉበት መጠንከር ያስከትላል፤ አልፎ ተርፎም ወደ ካንሰር ያደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ሕመም፣ ያለ ትኩሳት፣ ያለ ቢጫነት ነው። ዐይን ቢጫ የሚሆነው ወደ መጨረሻው ግድም ስለ ሆነ፣ በዐይን መርምሮ ሕማምን የሚለይ የጥንት ሐኪም ይህን ደዌ ያላየው ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ ሕማሙ ራሱ የሚታይ ምልክት ስላልሰጠው ነው።

በዘመናዊው ሕክምና ዘንድም ቢሆን የደዌው ስም የቅርብ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪም ሉድቪግና ባልደረቦቹ፣ አረቄም ሆነ ሌላ መጠጥ በማያዘወትሩ ሰዎች ላይ የጠጪ ጉበት የሚመስል ጉዳት አይተው ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሊቃውንቱ ተስማምተው ስሙን ለውጠው ከሜታቦሊዝም መታወክ ጋር አያይዘውታል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት አዋቂ ሰዎች ከመቶ ሠላሳ ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። በእኛም ሀገር በጅማ በስኳር ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ አግኝቶታል። እንግዲህ የገበያው ጎልማሳ ብቻውን አይደለም።

የወፍ በሽታ የተባለው ግን ሌላ ነው። ሐሞት መውረጃውን አጥቶ ወደ ደም ሲመለስ ዐይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ምግብ ይዘጋል። በገጠራችን የዚህ ዋነኛው ምክንያት የጉበት ቫይረስ ነው፤ ከቫይረሶቹም በተበከለ ውሃ የሚተላለፉት ሁለቱ፣ ኤ እና ኢ የተባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሳቸው ይለቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ የስሚዛ ቅጠል ተጨምቆለት የጠጣ ሕመምተኛ በአራተኛው ሲድን፣ ምስጋናው ለቅጠሉ መሆኑ የማይቀር ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢቆም እንዲሁ ያስብ ነበር። ቢ የተባለው ቫይረስ በአንጻሩ በብዙ ሰው ላይ ሳይታወቅ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ቢጫነቱ ለቀቀ ተብሎ የተመሰገነው መድኃኒት በዚህኛው ላይ ምን እንዳደረገ በዐይን ማየት አይቻልም። ይህን የምጽፈው አበውን ለመንቀፍ አይደለም። መድኃኒትን ከሚመሰክሩለት ነገሮች ሁሉ እጅግ አታላዩ «ጠጥቼው ዳንሁ» የሚለው ቃል መሆኑን ለማመልከት ነው፤ ይህም ለሥር ማሹ ብቻ ሳይሆን በብልቃጥ ለሚሸጠው ሁሉ የሚሠራ ነው።

የጎጃም ደጋ ለዚህ ዕውቀት ቤት ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። በዲማ፣ በዋሸራ፣ በደብረ ወርቅና በሌሎቹም ጉባኤ ቤቶች ለቅኔና ለመጻሕፍት ትርጓሜ የተሰበሰበው የቆሎ ተማሪ፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዕፅ መለየትን ከመምህሩ ወይም ከጓደኛው ይማር ነበር፤ ዕፀ ደብዳቤ የተባሉት የብራና መጻሕፍትም የየዕፁን ስም፣ የሚቆረጥበትን ሰዓት፣ የሚቀላቀልበትን መጠን ከጸሎትና ከአስማት ጋር አጣምረው አቆይተውልናል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ጎጃም ተቀምጦ የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም በኋላ ስለ ሕክምና መጻሕፍታችንና ስለ ዕፀዋታችን ሰፊ ሥራ ጽፏል። ከሁለቱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይን ያየው ጄምስ ብሩስ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዋጊኖስን በመጽሐፉ ስላስተዋወቀ፣ ዕፁ በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። የእኛን ዕፅ ያቀረቡልንን ሰዎች ወሮታ አልክድም፤ ነገር ግን ዕፁን ለእነርሱ ያሳያቸው ባላገር ስሙ በየትኛውም ሥነ ዕፅ ላይ አለመጻፉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዕፀዋቱ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ስሚዛ ነው፤ ሰንሰል የሚሉትም አሉ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በየግቢው አጥር ሆኖ የሚተከል፣ ነጭ አበባው ንብ የማይለየው፣ ቅጠሉ ሲታሽ የመረረ አረንጓዴ ጭማቂ የሚሰጥ ቁጥቋጦ ነው። ለወፍ በሽታ ከሚሰጡት ሁሉ ስመ ጥሩ እርሱ ነው። ከእርሱ ጋር አቱች የተባለችው፣ በመንገድ ዳርና በማሳ ጫፍ የምትበቅለው ቀጭን ዕፅ ትጠራለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የእነዚህን የሁለቱን ቅጠል ጭማቂ ጉበታቸው በኬሚካል መርዝ በተጎዳ አይጦች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ ዕፀዋቱ ጉዳቱን እንደቀነሱ አሳይቷል። ይህ የሚያስደስት ውጤት ነው፤ የአባቶች ምርጫ በዘፈቀደ እንዳልነበረም ይመሰክራል። ሆኖም ምን እንደተፈተነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለአይጡ የተሰጠው መርዝ ጉበትን በአንድ ቀንና በሁለት ቀን የሚያቃጥል ነው፤ የገበያው ጎልማሳ ጉበት ግን የተጎዳው በዓመታት ማዕድ ነው። ድንገት የተለኮሰን እሳት የሚያጠፋ ውሃ ለዓመታት የዘመመን ግድግዳ አያቀናም። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ለጉበት ስብ ተብሎ በሰው ተፈትኖ የጸደቀ የደጋችን ዕፅ እስከ ዛሬ አንድም የለም።

በሌላው ዓለም በሰው ላይ የተፈተኑ አሉ። የሜዲትራንያኑ እሾሃማ ዕፅ ፍሬ የሚሰጠው ሲሊማሪን፣ በአውሮጳ ከጥንት ጀምሮ ለጉበት ሲሰጥ የኖረው፣ በማሌዥያ በ99 ሕሙማን ላይ ለ48 ሳምንታት ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል፤ ዋና ተብሎ አስቀድሞ የተቀመጠውን ግብ ሳይመታ ቀርቶ፣ በጠባሳው ላይ ብቻ አንዳንድ የተስፋ ምልክት አሳይቷል። በእርድና በጥቁር አዝሙድ ላይ በኢራን የተደረጉት ብዙዎቹ ሙከራዎች አነስተኛና አጫጭር ሲሆኑ፣ በደም ውስጥ ያለውን የጉበት ኢንዛይም ዝቅ እንዳደረጉ ዘግበዋል፤ ኢንዛይም መውረድ ግን የጉበት መዳን ማለት አይደለም። ስለ እርድ ስናወራ በዝምታ ማለፍ የማይገባን አንድ ነገር አለ፤ ያው እርድ ተጨምቆና ተጠናክሮ በእንክብል ሲሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በጣሊያን ሀገር ብዙ ሰዎችን በጉበት ብግነት አሳምሟል። በአልጫ ላይ የሚነሰነሰው ቁንጥር እርድና ያ እንክብል በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በመጠን ሰማይና ምድር ናቸው። መጠን የመድኃኒት ግማሹ ነው።

ከዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ጉዳቱ ላስፋ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ እጅግ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ሰው «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ሲል በሰማሁ ቁጥር የታሕታይ ቆራሮ ወረዳ መንደር ትዝ ይለኛል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በምትገኘው በጸዓዳ እምባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየታመመ ይሞቱ ጀመር፤ ከብቶቻቸውም አብረው ተጎዱ። ለብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልታወቀ ደዌ ተብሎ ከቆየ በኋላ ምርመራው የጠቆመው ወደ አንድ ተራ አረም ነው፤ አበባው ለዐይን የሚያምር፣ ከእህል ጋር አብሮ የሚታጨድ፣ ዘሩ ከእህሉ ጋር ተወቅቶ ተፈጭቶ እንጀራ የሚሆን፣ በውስጡ ግን የጉበትን ደም ሥር የሚዘጋ አልካሎይድ የያዘ ዕፅ ነበር። በሐረርም ባልታወቀ ምክንያት የጉበት ሲሮሲስ ይታይባቸው የነበሩትን ሕሙማን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ 150 ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ጋር አነጻጽረው ጫት ማዘውተር ከጉበት ሕማም ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ጉበት መርዝን የሚያረክሰው በራሱ ላይ ወስዶ ነውና፣ የታመመ ጉበት ያለበት ሰው ስሙን የማያውቀውን ሥር ሲጠጣ፣ የደከመውን አህያ ሌላ ጭነት መጫኑ ነው። ኮሶም እንኳ፣ አበው ለኮሶ ትል በየጊዜው ይጠጡት የነበረው፣ መጠኑ ሲያልፍ የዐይንን ብርሃን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው።

ስለ እንዶድ ግን የተለየ ነገር ልናገር። እንዶድን ለወፍ በሽታ የሚያጠጡ አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው፣ አንጀትን የሚያቆስል፣ ሰውን ለሞት የሚያደርስ ዕፅ ነውና። ሆኖም ለኢትዮጵያ ጉበት ከማናቸውም ዕፅ ይልቅ ብዙ ተስፋ የሰጠው ያው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድሩ ናቸው፤ በጣና ዙሪያም የሚገኘው የዚህ ትል እንቁላል በደም ወደ ጉበት ሄዶ ጠባሳ የሚያበጅ ነው። በአንዲት አጣቢ እጅ ላይ ከነበረ አረፋ የተነሣው ይህ ምርምር ለአክሊሉ ለማና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቷል። ዕፁ ጉበትን የረዳው በስኒ ተጠጥቶ አይደለም፤ ወደ ጉበት የሚሄደውን ጠላት ከወንዙ ላይ ገድሎ ነው። ስለ ዕፅና ስለ ጉበት ማሰብ የሚገባን በዚህ ስፋት ይመስለኛል።

በዚህ ስፋት ካሰብን ደግሞ የደጋው ዕፀ መድኃኒት ከሥር ማሹ ከረጢት ይልቅ በማሳውና በማጀቱ ይገኛል። ጎጃም የኑግ ሀገር ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አበባ ዘሩ ሲጨመቅ ከዘይቱ ከመቶ ከሰባ የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ያልረጋ ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 39 ጤነኛ ወጣቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን በፓልም ዘይት፣ ለሌላው በሱፍ ዘይት የተጋገረ ኬክ ለሰባት ሳምንታት ከተለመደው ምግባቸው በላይ አበሏቸው። የሁለቱም ክብደት እኩል ጨመረ፤ የጉበታቸው ስብ ግን እኩል አልነበረም፤ የፓልሙን የበሉት ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብ ከሌሎቹ እጅግ በለጠ። የሱፍ ዘይትም እንደ ኑጉ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ በከተማችን ሱቅ ደጃፍ ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ሳይ፣ የኑግ አገር ሰው ኑጉን ሸጦ የረጋ ዘይት ገዝቶ ሲገባ ሳይ፣ ልቤ ያዝናል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ወዶ አይደለም፤ የኑግ ዘይት ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።

ጾማችንም በዚህ ይገባል። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ፣ ካህኑም ከዚያ የሚበልጥ ከሥጋና ከወተት የሚታቀብበት ሥርዓት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚዘልቅ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት፣ ለነፍስ የተሠራ ሆኖ ሳለ ለጉበትም ዕረፍት ሊሆን የሚችል ነበር። ዛሬ ግን በፍልሰታና በዐቢይ ጾም የከተማው ሰው ወጥ በረጋ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ከሰዓት በኋላም ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተሞላ ሻይ ይከተላል። ከጮቄ ተራራ ሥር የሚዘራው ገብስና በጎጃም እንግዶ የምንለው አጃ በአንጀት ውስጥ ቅባትና ስኳርን የሚያዘገይ ቃጫ አላቸው፤ በሶውን ለእንግዳ ማቅረብ እንደ ድኽነት የሚቆጠርበት ጊዜ መምጣቱ ይከነክነኛል።

ስለ ቡናም አንድ ቃል። በብሪታንያ ከ490 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቡና የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ ሥር በሰደደ የጉበት ሕማም የመያዛቸው ዕድል ከመቶ በሃያ አንድ፣ በዚሁ የመሞታቸው ዕድል ከመቶ በአርባ ዘጠኝ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ተያያዥነትን የሚያሳይ እንጂ ፈውስነትን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ሆኖም ከየትኛውም ሥርና ቅጠል ይልቅ በብዙ ሰው ላይ የታየ ዕፅ ቡናችን ነው። አበው በአንድ ወቅት ያልፈቀዱት መጠጥ ለዚህ ክብር መብቃቱ የሚያስገርም ነው። ይህ ክብር ስኳሩን ግን አይጨምርም።

ለመድኃኒትነት የተፈቀዱትን ስንመለከት፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም የተባለውን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድን፣ ሁለቱንም ጠባሳ ለጀመረው የጉበት ስብ ፈቅዷል። ሁለቱም ለእኛ ሩቅና ውድ ናቸው። ቅርብ የሆነው የክብደት ነገር ነው፤ ሰው ከክብደቱ ከመቶ አምስት ያህሉን ቢቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ቢቀንስ ብግነቱ ይበርዳል፣ ከዐሥር በላይ ሲሆን ጠባሳውም መመለስ ሊጀምር ይችላል። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝነው ሰው ይህ ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ነው፤ ደረጃ በደረጃ፣ በእግር በመሄድና ማዕድን በመመጠን የሚደረስበት ነው። በተቃራኒው ከሲታ ሆኖ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው እንዳለም መታወቅ አለበት፤ ለእርሱ ሚዛን ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ዕፅ መድኃኒት ሊሆን አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ሜትፎርሚን የልጅ ልጅነቱ ጋሌጋ ከተባለ የአውሮጳ ዕፅ ነው፤ ከዚያ ዕፅ የተገኘው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1922 ሜትፎርሚን ሆኖ በቤተ ሙከራ ተሠራ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን በሰው ላይ ያዋለውም እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዕፅ እስከ እንክብል ይህን ያህል ዘመን ወሰደ። የእኛ ስሚዛም ይህን መንገድ ሊሄድ የሚችል ነው፤ የሚጎድለው መንገዱን የሚጀምር ሰው፣ ገንዘብና ትዕግሥት ነው። በጎዛምን ወረዳ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸውን ዕፀዋት የዘረዘረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ ዝርዝር መሥራት ጥሩ ጅምር ነው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠኑ የተወሰነ፣ ጉበትን ራሱን በመሣሪያ የሚለካ፣ በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ይህም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ተባብረው ሊያስቡት የሚገባ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስም አለ። እምቧይ ስንል እሾሃማውን ቁጥቋጦ ነው ወይስ በመሬት ላይ የሚሳበውን የምድር እምቧይ? ኮሸሽላ ስንልስ ከስንቱ እሾሃማ የትኛውን? በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዕፀዋት አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ የዕፀዋት ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፀዋት መዝገብ፣ የወልደ ሚካኤል ቀለቻም የዕፀዋት ስሞች መጽሐፍ፣ ሁሉም የተደከመባቸው ለዚህ ነው። የሀገር ዛፎች የተጠለሉባቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖችም፣ በየደብሩ ጥቂት ሄክታር ሆነው የቀሩት፣ ለዕፁ ስም ሕያው ምስክሮች ናቸው፤ ደኑ ሲቆረጥ ስሙም ይጠፋል።

ያን ቀን ጎልማሳው ጦስኙን ለሻይ ገዝቶ ከሄደ በኋላ፣ አሮጊቷን ስለ ሁለቱ ሥሮች ጠየቅኋቸው። ስማቸውን ባይነግሩኝም እንኳ ለሚያውቁት ሰዎች አሳይቼ እንዲለዩልኝ ከአንዱ ጥቂት እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ሥሩን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ይህ ደርቆ እንጨት ሆኗል፣ ማንም አይለየውም። ቅጠልና አበባ ሲያወጣ እኔው ራሴ አሳይሃለሁ፤ ክረምት ሲገባ ና» አሉኝ።